ሞገድን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ፌራይት

መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ደጋውና ገደሉ የሚፈራረቁበት አገር ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የጀማ ወንዝና የገባሮቹ ሸለቆዎች ግን ቁልቁል ወደ ቆላ ይወርዳሉ። እንዲህ ባለ መሬት ኬብል መቅበር አድካሚ ስለሆነ፣ የስልክ ማማዎችን ለማገናኘት አንዱ አማራጭ ማይክሮዌቭ ነው፤ አንቴናዎቹ ከተራራ ተራራ በቀጥታ ይተያያሉ።

ከማሰራጫው የወጣ ሞገድ ሁሉ አየር ላይ አይወጣም። ጥቂቱ ከአንቴናው ተንጸባርቆ ይመለስና ማሰራጫውን ያውካል። ሞገዱን የሚመራው ባዶ የብረት ቧንቧ፣ ማለትም ዌቭጋይድ፣ ሄያጁን ከተመላሹ አይለይም። የሚለየው ፌራይት ነው።

ፌራይት የብረት ኦክሳይድ እንደ ኒኬል ካሉ ሌሎች ብረቶች ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ሴራሚክ ነው። ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፍ ማይክሮዌቭ ወደ ውስጡ ይዘልቃል። ማግኔት ሲጠጋው የኤሌክትሮኖቹ ስፒን፣ ማለትም የተፈጥሮ ማግኔትነታቸው፣ በማግኔቱ አቅጣጫ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በ1 ቴስላ ፍጥነቱ 28 ጊጋኸርዝ ገደማ ነው። የሚዞርበትን ወገን የሚወስነው ማግኔቱ እንጂ ሞገዱ አይደለም።

ሞገድ በቧንቧ ውስጥ የሚይዘው ቅርጽ ሞድ ይባላል። በአራት ማዕዘን ቧንቧ ዋነኛ ሞድ፣ በመሐሉና በጎኑ ግድግዳ መካከል ባለ አንድ ቦታ የሞገዱ ማግኔታዊ መስክ ይዞራል፤ ሞገዱ ሲሄድ በአንድ ወገን፣ ሲመለስ በተቃራኒው። ፌራይቱ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የሚሾር እንዝርት ኃይል የሚጨምርለት በሾረበት ወገን ሲያጦዙት እንደሆነ ሁሉ፣ ከስፒኑ ጋር አብሮ የሚዞረው ተመላሽ ሞገድ ጉልበቱን ለፌራይቱ አስረክቦ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሄያጁ ብዙም ሳይነካ ያልፋል። ይህ ዕቃ አይሶሌተር ይባላል።

ፌራይት በያዘ ክብ ቧንቧ፣ ማግኔቱ በቧንቧው ርዝመት ሲዘረጋ፣ ቀኝና ግራ ዟሪ ሞዶች ፍጥነታቸው ይለያያል። ስለዚህ የሞገዱ ንዝረት አቅጣጫ ይዞራል፤ ሲመለስም ዙሩ አይፈታም፣ ይደመራል። ፋራዳይ ይህን እ.ኤ.አ. በ1845 በብርሃንና በመስታወት አሳየ፤ ፖልደር በ1949 የፌራይቱን ስሌት ሠራ፤ በቤል ላቦራቶሪ የነበረው ሆጋን በ1952 ለማይክሮዌቭ ዕቃ አዋለው። የአይሶሌተር የቅርብ ዘመድ የሆነው ሰርኩሌተር፣ ማሰራጫና መቀበያ አንድ አንቴና እንዲጋሩ ያደርጋል።

ቋሚ ማግኔት ያለው አይሶሌተር የኃይል ምንጭ አይሻም፤ ማግኔቱ ከተገለበጠ ግን ማለፊያው መዝጊያ ይሆናል። ስለዚህ የሚገጥም ባለሙያ በዕቃው ላይ የተሳለውን ቀስት አስቀድሞ ይመልከት።