ሊትየምና ኒኬል ባትሪዎችን በሁለገብ ቻርጀር ስለ መሙላት

የድሮን፣ የሞዴል መኪና፣ የሮቦት፣ የመገናኛ ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ባለቤቶች፣ እንዲሁም በጥገና ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች፣ ልዩ ልዩ ባትሪዎችን በአንድ መሣሪያ ለመሙላት ሁለገብ ቻርጀር ይጠቀማሉ። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው መሣሪያውን በእጃቸው ላስገቡ ወይም ለመግዛት ላሰቡ ዜጎች ነው።

ሁለገብ ቻርጀር ትንሽ ስክሪንና ጥቂት ቁልፎች ያሉት ሲሆን ከስልክ ቻርጀር በመሠረቱ ይለያል። ስልክ ሲሞላ ባትሪው ምን ያህል ኃይል እንደሚቀበልና መቼ እንደሚያቆም የሚወስነው ስልኩ ራሱ ነው፤ ባለቤቱ ገመድ ከመሰካት ሌላ ሥራ የለበትም። ሁለገቡ ቻርጀር ግን የባትሪውን ዓይነት፣ የሴሎቹን ቁጥርና የሚሞላበትን የአምፔር መጠን እንዲነገረው ይጠብቃል። የተነገረውንም በአብዛኛው አምኖ ይቀበላል። በመሣሪያው ምክንያት የሚደርሰው አደጋ አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የባትሪውን ዓይነት ማወቅ

የኒኬል ቤተሰብ ሁለት ነው፤ ኒኬል ካድሚየምና ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ። የሁለቱም አንድ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 1.2 ቮልት ነው። ከሊትየም ቤተሰብ ሊትየም አዮንና በተለምዶ ሊፖ የሚባለው ሊትየም ፖሊመር 3.6 ወይም 3.7 ቮልት የሚጻፍባቸው ሲሆን፣ ሲሞሉ በሴል 4.2 ቮልት ይደርሳሉ። ሊትየም ብረት ፎስፌት ደግሞ መደበኛው 3.2፣ ሲሞላ 3.6 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ሊትየም ብረት ፎስፌትን በሊፖ ፕሮግራም መሙላት ከልኩ በላይ መጫን ይሆናል።

ቮልቴጁን ብቻ አይቶ ዓይነቱን መገመት ፈጽሞ አይገባም። በአንድ የመገናኛ ሬዲዮ ወይም መሰርሰሪያ ባትሪ ላይ 7.2 ቮልት ተጽፎ ቢገኝ፣ ውስጡ ያለው ስድስት የኒኬል ሴል ሊሆን ይችላል፤ ሁለት የሊትየም አዮን ሴልም ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱም ድምር ያው 7.2 ነው። 14.4 ቮልት የሚል ጽሑፍም እንዲሁ አሥራ ሁለት የኒኬል ወይም አራት የሊትየም ሴል ሊያመለክት ይችላል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ውጤቱ ከባድ ነው። የሊትየም ፕሮግራም የተወሰነ የቮልቴጅ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ፍሰቱን እየቀነሰ ያቆማል። የኒኬል ፕሮግራም ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም፤ ኒኬል ሲሞላ ቮልቴጁ ከጫፍ ደርሶ ጥቂት ሚሊቮልት ዝቅ ስለሚል፣ ቻርጀሩ ያንን መውረድ ይጠብቃል። ሊትየም ባትሪ እንዲህ ያለ ምልክት አይሰጥም። በኒኬል ፕሮግራም ከተገናኘ ቻርጀሩ የማይመጣ ምልክት እየጠበቀ ከ4.2 ቮልት በላይ ይገፋዋል፤ ባትሪው ያብጣል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ሊቀጣጠል ይችላል። ስለሆነም መለያ ወረቀቱ የተላጠ፣ ዓይነቱም ከአምራቹ ያልተረጋገጠ ባትሪ በዚህ መሣሪያ ሊሞላ አይገባም።

የሊትየም ባትሪ አሞላል

የብዙ ሊፖ ባትሪዎች ገመድ ሁለት ዓይነት ነው። ወፍራሞቹ ቀይና ጥቁር ገመዶች ዋናውን ኃይል ያስተላልፋሉ። ከእነሱ ጎን የሚወጣው በነጭ ትንሽ መሰኪያ የሚያልቅ ቀጫጭን ገመድ የማመጣጠኛ ገመድ ይባላል፤ ቻርጀሩ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ለብቻ የሚያነበው በእሱ ነው። የሴሎችን ቁጥር ለማረጋገጥ ቀላሉ ዘዴም ከዚሁ ይገኛል፤ የቀጫጭኖቹን ገመዶች ቁጥር ቆጥሮ አንድ መቀነስ ነው። አራት ገመድ ካለ ባትሪው ሦስት ሴል በተከታታይ የተያያዘበት፣ ማለትም 11.1 ቮልት የሚጻፍበት ነው።

ማመጣጠኛውን ሳይሰኩ በዋናው ገመድ ብቻ መሙላት ይቻላል፤ ነገር ግን አይመከርም። ቻርጀሩ ድምሩን ብቻ ስለሚያይ፣ ሦስት ሴሎች በአንድነት 12.6 ቮልት ሲሆኑ ሁሉም 4.2 ላይ ያሉ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን አንዱ 4.0፣ ሌላው 4.2፣ ሦስተኛው 4.4 ሊሆን ይችላል፤ አደጋው ያለው በዚህ በሦስተኛው ነው።

የአምፔሩን መጠን ለመወሰን የባትሪውን የመያዝ ዐቅም መመልከት ይገባል። በ2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ ዐቅሙን የሚያህለው ፍሰት 2.2 አምፔር ነው። አምራቹ ሌላ ካልጻፈ በስተቀር ከዚህ ማለፍ አያስፈልግም፤ ጊዜ ላለው ሰው ግማሹ፣ ማለትም 1.1 አምፔር፣ ለባትሪው ዕድሜ ይሻላል። በ2.2 አምፔር ከባዶ የተነሣ ባትሪ በአንድ ሰዓት ይሞላል ተብሎ ቢታሰብም፣ ወደ ማብቂያው ፍሰቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከዚያ ይበልጥ ይቆያል። እዚህ ላይ የቻርጀሩ የዋት ልክም መታየት አለበት። ባለ 50 ዋት ቻርጀር ስድስት ሴል ያለውን ባትሪ ወደ 25 ቮልት ሲያደርስ የሚሰጠው 2 አምፔር ገደማ ነው፤ በስክሪኑ 5 አምፔር ቢሞላበትም ከዚያ አያልፍም። ይህ ብልሽት አይደለም።

በአያያዝ ቅደም ተከተል ረገድ፣ የመሙያ ገመዱ አስቀድሞ ከቻርጀሩ ጋር፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከባትሪው ጋር ይገናኛል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ከባትሪው የወጡት ሁለት ራቁት ጫፎች ተነካክተው ሾርት ሊፈጥሩ ይችላሉ።

የኒኬል ባትሪ አሞላል

የኒኬል ባትሪ በእሳት አደጋ ረገድ ከሊትየም የበለጠ ታጋሽ ነው፤ የራሱ ጠባይ ግን አለው። ከላይ የተጠቀሰው የቮልቴጅ መውረድ በካድሚየም ዓይነቱ ጎላ ያለ፣ በሜታል ሃይድራይድ ግን በጣም ትንሽ ነው። ፍሰቱ ደካማ ከሆነ መውረዱ ጭራሽ አይታይም፤ ቻርጀሩም ሳያቆም ይቀጥላል። በዚህም የተነሣ «በቀስታ መሙላት ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው አስተያየት በዚህ ቻርጀር ለሚሞላ ኒኬል አይሠራም። ለ2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ከ1 እስከ 2 አምፔር ተገቢ ነው። በተጨማሪም የጊዜ ገደብና የዐቅም ገደብ የሚባሉትን የመጠበቂያ ምርጫዎች ማብራት ያስፈልጋል፤ ምልክቱ ቢያመልጥ እንኳ ቻርጀሩ በገደቡ ይቆማል። ሲያልቅ ባትሪው ሞቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ በእጅ የማይያዝ ከሆነ ግን ወዲያው መንቀል ይገባል።

በገበያ የተገዛን ባትሪ መመርመር

የሁለገብ ቻርጀር ትልቁ ጥቅም፣ በብዙዎች ዘንድ ሳይታወቅ የቀረው፣ የባትሪን እውነተኛ ዐቅም መለካት መቻሉ ነው። 18650 በመባል የሚታወቀው ክብ ሊትየም ሴል ላይ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ሲሸጥ ይታያል። በዚህ መጠን የሚሠሩ የታወቁ አምራቾች ምርጥ ሴሎች የሚይዙት 3500 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ገና ሳይለካ ሐሰት መሆኑ ይታወቃል። አጠራጣሪ የሚሆነው 2600 ወይም 3000 የሚለው ነው። ለዚህ ባትሪውን በትክክለኛው ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሞልቶ፣ የማራገፊያ ፕሮግራሙን መርጦ፣ ማቆሚያውን ለሊትየም አዮን በሴል 3.0፣ ለኒኬል 1.0 ቮልት ማድረግ ነው። መሣሪያው ሲያቆም በስክሪኑ ላይ የሚቀረው የሚሊአምፔር ሰዓት ቁጥር የባትሪው ዐቅም ነው። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል። ሆኖም ብዙ ሴል ለሚገዛ ጠጋኝ ወይም ከሻጭ ጋር ለሚከራከር ሸማች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሴሎችን በዚህ መንገድ ለይቶ ለእጅ ባትሪ መጠቀም የሚመሰገን ቁጠባ ነው። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ባዶ ተቀምጠው ቮልቴጃቸው ከ2 ቮልት በታች የወረደ ሴሎችን በኒኬል ፕሮግራም «አስነሥቶ» ወደ ሊትየም የመመለስ ልማድ ሊቀር ይገባዋል። ሴል ከልኩ በታች ሲወርድ በውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ እንደገና ሲሞላ የሟሟው መዳብ ረግቶ በውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። እንዲህ ያለ ሴል ለቀናት ደኅና መስሎ ቆይቶ በሌላ ጊዜ ሊቃጠል ይችላል።

የኃይል ምንጭና የሚሞላበት ቦታ

አንዳንዱ ቻርጀር በቀጥታ ከ220 ቮልት ይሠራል፤ ሌላው ከ11 እስከ 18 ቮልት ዲሲ ይፈልጋል። ሁለተኛው ዓይነት ከቤት ሶላር ወይም ከመኪና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሊሠራ ስለሚችል መብራት በሌለበት አካባቢ ጠቃሚ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ወደ መነሻ ገጻቸው ይመለሳሉ እንጂ ካቆሙበት አይቀጥሉም፤ ተጠቃሚው ፕሮግራሙን እንደ አዲስ፣ ዓይነቱን በድጋሚ አረጋግጦ ማስጀመር አለበት።

ባትሪ የሚሞላው በሲሚንቶ፣ በሴራሚክ ወይም በብረት ላይ፣ ከመጋረጃ፣ ከፍራሽና ከመውጫ በር ርቆ፣ ሰው ባለበት ነው። ተኝቶ መሙላት አይገባም። እንደ አፋር ባሉ ሞቃት አካባቢዎች በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖረው ሙቀት የብዙ አምራቾች የመሙያ ጣሪያ ከሆነው 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊጠጋ ስለሚችል፣ ማለዳ ወይም ማታ መሙላት ይመረጣል። ከበረራ ወይም ከሥራ የተመለሰ የጋለ ባትሪ እስኪቀዘቅዝ ይቆያል። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፤ አይበሳም።

ባትሪ ማጨስ ከጀመረ፣ የሚቻል ከሆነ ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅሎ ሰውን ሁሉ ማስወጣት ይቀድማል፤ ጭሱ መርዛማ ነው። ትንሽ ባትሪ ከሆነና ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ፣ ከርቀት ብዙ ውኃ ማፍሰስ ሙቀቱ ወደ ቀሩት ሴሎች እንዳይዛመት ይረዳል። እሳቱ ከተስፋፋ በአዲስ አበባ በ939 ለእሳት አደጋ መከላከያ መደወል ይገባል።

ስለ ማስቀመጥና ስለ ማጓጓዝ

ሊፖ ባትሪ ከሳምንት በላይ ሥራ ላይ የማይውል ከሆነ ሞልቶም ባዶም መቀመጥ የለበትም፤ በቻርጀሩ ያለው የማስቀመጫ ፕሮግራም እያንዳንዱን ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ያደርገዋል። ከውጭ ሀገር ባትሪ ይዘው የሚመጡ ወገኖችም ትርፍ የሊትየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንደማይፈቀድና በእጅ ሻንጣ ብቻ፣ ጫፎቹ ተሸፍነው፣ እንደሚያዝ ሊያውቁ ይገባል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው የአየር መንገድ ልዩ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከ100 እስከ 160 ያለው በፈቃድ፣ ቢበዛ ሁለት ትርፍ ብቻ ነው። ዋት ሰዓቱ የሚገኘው ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ በማባዛት ነው፤ ባለ 11.1 ቮልትና 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ 24.4 ዋት ሰዓት ይሆናል።

አገልግሎቱን የጨረሰ ባትሪ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ከቤት ቆሻሻ ተለይቶ ይቀመጣል። በተለይ ካድሚየም መርዛማ ብረት ስለሆነ፣ ኒኬል ካድሚየም ባትሪን ከቆሻሻ ጋር ማቃጠልም ሆነ በጓሮ መቅበር አይፈቀድለትም።