አንበጣ እስኪመጣ የቆመ ሞተር ከዝገት እንዴት ይጠበቃል?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ባቲ የሚወርደው መንገድ ደጋንን ሲያልፍ የማሽላ አገር ውስጥ ይገባል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ በደቡብ ወሎና በአጎራባቹ ቆላማ አካባቢዎች የሰፈረው ሰብሉ ለአጨዳ ሊደርስ ጥቂት በቀረው ጊዜ ነበር። መንጋ ነፋስ ከቀናው በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ የርጭት አውሮፕላን በሳምንታት ሳይሆን በቀናት ውስጥ መነሳት ይኖርበታል። በሌላ በኩል ያ ወረርሽኝ በአገራችን በ25 ዓመታት ውስጥ ከታዩት ሁሉ የከፋው እንደነበር ተመዝግቧል። በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። አንበጣ በሌለበት ዘመን የርጭት አውሮፕላን ዋና ሥራው መቆም ነው፤ ሞተር ደግሞ በመብረር ብቻ ሳይሆን በመቆምም ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ለብዙ ዓመታት በካናዳ የተሠራውን ቢቨር የተባለ ትንሽ አውሮፕላን ለርጭት ተጠቅሟል። የቢቨር ሞተር ዋስፕ ጁኒየር ይባላል፤ ዘጠኝ ሲሊንደሮቹ እንደ ጨረር ዙሪያውን የተደረደሩ፣ 450 የፈረስ ጉልበት ያለውና በድምሩ 16 ሊትር ያህል የሲሊንደር ይዘት ያለው የፒስተን ሞተር ነው። የተርባይን ሞተር አያያዝ የተለየ በመሆኑ እዚህ አናነሳውም።

አንድ ወቅት ሙሉ ሲያርስ የሰነበተ ማረሻ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል፤ ጥግ ተጥሎ የከረመው ግን ቀይ ለብሶ ይገኛል። ማረሻውን አፈሩ እየፋቀ ያጸዳዋል፤ ሞተሩን ግን የሚጠብቀው በሥራ ላይ እያለ በየአካሉ የሚረጨው ዘይት ነው። ዘይቱ ተንጠባጥቦ ሲያልቅ ብረቱ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ይገናኛል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በባትሪ ውስጥ ከሚሆነው ጋር ይመሳሰላል። በአንዱ የብረቱ ነጥብ ላይ የብረት አቶሞች ኤሌክትሮን እየለቀቁ ወደ ውኃው ይሟሟሉ፤ በሌላው ነጥብ ላይ ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ይቀበላል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ስስ የውኃ ሽፋን ነው። አሉሚኒየም በራሱ ኦክሳይድ ተሸፍኖ ይጠበቃል። የብረት ዝገት ግን ከወጣበት ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ የሚይዝና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውስጡን አይከላከልም። አየሩ ከ40 በመቶ ያነሰ አንጻራዊ እርጥበት ሲኖረው ሂደቱ እጅግ ይዘገያል፤ ከ60 በመቶ ሲያልፍ ይፋጠናል።

ታዲያ በተዘጋ ሞተር ውስጥ ውኃው ከየት ይመጣል? አንደኛው ምንጭ ራሱ ነዳጁ ነው። በቤንዚን ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ውኃ ይሆናል፤ ስሌቱን የሠራ ተማሪ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ እንደሚወጣ ያገኛል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ጥቂቱ ግን በፒስተን ፋሻዎች አልፎ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ከሊድ ተጨማሪዎችና ከሌሎች የቃጠሎ ውጤቶች ጋርም አሲድ ይፈጥራል። ያገለገለ ዘይት ይዞ የሚቆም ሞተር ጠላቱን በሆዱ ይዞ ይቆማል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የወሎ አየር ነው። ሞተር ቆሞም ይተነፍሳል። ቀን ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ አዲስ አየር ይገባል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት ይራራቃል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር 14 ግራም ያህል የውኃ ትነት ይይዛል። ያው አየር ወደ 12 ዲግሪ ቢወርድ ሊሸከም የሚችለው 11 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ 3 ግራሙ ጤዛ ይሆናል። በ16 ሊትር ይዘት ስናሰላው በሌሊት አንዲት ጠብታ ብትሆን ነው። ጥቂት ትመስላለች፤ ነገር ግን ወሎ በልግና ክረምት የተባሉ ሁለት የዝናብ ወቅቶች ስላሉት ጠብታዋ ብዙ ሌሊት ትመላለሳለች።

አደጋው ዝገቱን አይቶ መጥረግ ስለማይቻል ነው። ብዙዎቹ የላይካሚንግ ሞተሮች ካምሻፍታቸው ከክራንክሻፍቱ በላይ ስለተቀመጠ ዘይቱ ቶሎ ይሸሸዋል። በካሙ ፊት ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል የዝገት ጉድጓድ ስትፈጠር ጭነቱ በዙሪያዋ ይከማቻል፤ ሞተሩ ሲነሳ ብረቱ እየተቀረፈ ከዘይቱ ጋር ይዞራል። የርጭት አውሮፕላን ደግሞ ከማሽላው በላይ በጥቂት ሜትሮች ከፍታ፣ በተራራ መካከል ነው የሚበረው። እዚያ ላይ ሞተር ቢጠፋ አብራሪው ማረፊያ የሚመርጥበት ጊዜ የለውም።

በብዙ ቦታ የሚታዩ ሁለት መፍትሔዎች አሉ፤ ሁለቱም ጉዳታቸው ያመዝናል ብለን እናምናለን። አንዱ አውሮፕላኑን ሳያበሩ በየሳምንቱ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት ነው። ይህ ከቃጠሎው የሚመጣውን ውኃ ይጨምራል እንጂ ዘይቱ ውኃውን በትነት እስኪያስወጣ ድረስ አያሞቀውም። ላይካሚንግ የሚመክረው በ30 ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ዘይቱ ከ74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል መብረርን ነው። ሌላው መፍትሔ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ነው። ፋሻዎቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ የቀረችውን ስስ የዘይት ሽፋን ይጠርጓታል፤ በእጅ የሚዞር ሞተር ግን ዘይት መልሶ አይረጭም።

ለረጅም ጊዜ የሚቆም ሞተር በሚገባ ሊታሸግ ይገባል። አሮጌው ዘይት ይወጣና ፀረ ዝገት ቅመም ያለው የማቆያ ዘይት ይገባል፤ ሞተሩም በዚሁ ዘይት ሠርቶ በደንብ ይሞቃል። ከዚያ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየቀዳዳው፣ ፒስተኑ ወደ ታች በወረደበት ጊዜ፣ የማቆያ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል። የመጨረሻው ርጭት ካለቀ በኋላ ፕሮፔለሩ ፈጽሞ አይዞርም፤ ይህንንም የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ይንጠለጠልበታል። በካንዴላዎቹ ቦታ ሲሊካ ጄል የተሞሉ ግልጽ ቡሾች ይገባሉ። ሲሊካ ጄል ከአዲስ ጫማ ሳጥን የምትገኘው ትንሽ ከረጢት የያዘችው እርጥበት መጣጭ ቁስ ነው፤ ኮባልት ክሎራይድ ሲጨመርበት ደረቅ ሳለ ሰማያዊ፣ ሲረጥብ ሮዝ ይሆናል። የአየር ማስገቢያው፣ የጭስ ማውጫውና የክራንክኬሱ መተንፈሻም መጣጭ ከረጢት ተደርጎባቸው ይደፈናሉ፤ መተንፈሻውን መርሳት ሁሉን ከንቱ ያደርጋል። ጠባቂው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀለሙን በየጊዜው ማየትና ሮዝ የሆነውን መለወጥ ነው።

በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተሠራችውና ከጣሊያን ሙዚየም በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ የተመለሰችው «ፀሐይ» አውሮፕላን በሙዚየም ስትቀመጥ የሚፈለገው መልኳ እንዲቆይ ነው። የርጭት አውሮፕላን ግን መነሳት አለበት፤ መነሳቱም የራሱ አደጋ አለው። እንደ ዋስፕ ጁኒየር ባለ ሞተር ላይ የማቆያ ዘይቱ በስበት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ፈሳሽ እንደ አየር ስለማይታመቅ ሞተሩ በጉልበት ቢዞር ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ይጎብጣል፤ የጎበጠው ዘንግ ወዲያው ላይሰበርና ከብዙ ሰዓት በኋላ በአየር ላይ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ መጣጮቹና መድፈኛዎቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው ይወጣሉ፤ የታችኞቹ ካንዴላዎች ሳይገቡ ፕሮፔለሩ በእጅ ቀስ ብሎ እየዞረ ዘይቱ ይፈስሳል። የማቆያው ዘይት በበረራ ዘይት ይተካል፤ ከመጀመሪያው ማስነሳት በኋላም የዘይት ማጣሪያው ተፈትቶ የብረት ፍቅፋቂ እንዳለበት ይታያል። ማጣሪያው ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ነው መድኃኒቱ ወደ ታንከሩ የሚገባው።