የበርበራ መንገድ ሬንጅ

በሶማሌላንድ ከሐርጌሳ ተነስቶ በርበራ ወደብ የሚደርሰው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሁለት የአየር ጠባይ ያቋርጣል። ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የታኅሣሥና የጥር ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ከባሕሩ ዳርቻ ያለችው በርበራ ግን በሐምሌ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጥቁር አስፋልት ደግሞ ከአየሩ በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይግላል። የቁም ከብት የጫነው መኪና በዚሁ መንገድ ወደ መርከብ ይወርዳል፣ ኮንቴይነር የጫነው ተሳቢ ወደ ቶጎ ውጫሌና ጅግጅጋ ይወጣል።

የመንገድ ነገር ሲነሳ ሰው የሚጠይቀው ስለ ውፍረቱ ነው። እኔ ግን ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ሬንጁ ነው እላለሁ። አስፋልት በክብደቱ 95 በመቶ ያህል ድንጋይ ነው፤ የመንገዱን ዕድሜ በብዛት የሚወስነው ግን የቀረው 5 በመቶ ሬንጅ ነው።

ሬንጅ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ከሥር የሚቀረው ከባድ ክፍል ነው። ኬሚስቶች በአራት ይከፍሉታል፦ ሳቹሬት፣ አሮማቲክ፣ ሬዚንና አስፋልቲን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዘይት ናቸው፤ ሬንጁን ያለሰልሳሉ። አስፋልቲን ግን ሬንጅ ሄፕቴን ውስጥ ሲበጠበጥ ጠቁሮ የሚዘቅጥ ዱቄት ነው፤ ጥንካሬውን የሚሰጠው እሱ ነው። ሬዚን በመካከላቸው ሆኖ አስፋልቲኑ ዘይቱ ውስጥ ተበትኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ዘይቱ ከበዛ መንገዱ በሙቀት ይለሰልሳል፣ አስፋልቲኑ ከበዛ ደርቆ ይሰነጠቃል።

የቆየው መለኪያ መርፌ ነው። ከነመያዣው 100 ግራም የሚመዝን መርፌ፣ 25 ዲግሪ ላይ ባለ ሬንጅ ላይ ለ5 ሰከንድ ይለቀቃል። ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ከጠለቀ ሬንጁ 60/70 ይባላል፣ ከ8 እስከ 10 ከሆነ 80/100። ችግሩ 25 ዲግሪ ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ሬንጆች 60 ዲግሪ ላይ ሊለያዩ መቻላቸው ነው። አሜሪካኖች በ1987 በጀመሩት የምርምር ፕሮግራም የፒጂ ደረጃ የሚባለውን ያወጡት ለዚህ ነው፤ ደረጃው ሬንጁ የሚችለውን ከፍተኛና ዝቅተኛ የመንገድ ሙቀት በቁጥር ይናገራል። ለበርበራ ሜዳና ለሐርጌሳ ደጋ የሚስማማው ቁጥር አንድ ሊሆን አይገባም።

ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ ፍጥነትም አለ። ጫት የጫነች ፈጣን መኪና ሽው ብላ ስታልፍ ሬንጁ እንደ ላስቲክ ተጨምቆ ይመለሳል። ተሳቢ ዳገት ላይ ሲያዘግም ወይም ኬላ ጋ ቆሞ ሲጠብቅ ግን ሬንጁ ቀስ እያለ ይፈሳል፣ ወደ ቦታውም አይመለስም። በጎማ መስመር ሁለት ቦይ ተፈጥሮ አስፋልቱ ዳርና ዳር ያብጣል። የቀኑ ሙቀት በሚበረታበት ቆላ ይህን ለመከላከል ኤስ ቢ ኤስ የተባለ ፖሊመር ከ3 እስከ 5 በመቶ ይጨመራል፤ ፖሊመሩ ዘይቱን መጥጦ ያብጥና በሬንጁ ውስጥ መረብ ይዘረጋል። ውድ ነው፤ ከማንኛውም ሬንጅ ጋርም አይስማማም፣ ካልተዋሐደ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይለያል።

እርጅናው የሚጀምረው ገና መንገዱ ሳይነጠፍ ነው። ትኩስ ሬንጅ በቀጭኑ ጠጠሩን ሲለብስ ኦክስጅን ይገባበታል፤ አሮማቲኩ ወደ ሬዚን፣ ሬዚኑ ወደ አስፋልቲን ይለወጣል። ሶማሌላንድ ማጣሪያ ስለሌላት ሬንጁ ከውጭ ነው የሚገባው፤ በበርሜል የመጣ ከሆነ እንደገና ይቀልጣል። ለማቅለጥ ሲቸኩሉ እሳቱን ካበዙበት ለዓመታት የታሰበው እርጅና በሰዓታት ያልቃል። ስለዚህ እኔ ሬንጅ በሚቀልጥበት ቦታ የማልደራደርበት መሣሪያ ቴርሞሜትር ነው።

ዝናብ በብዛት በማይጥልበት አገር ውሃ ይዘነጋል። ግን ሲሊካ የበዛበት ድንጋይ፣ ለምሳሌ ግራናይት፣ ከሬንጅ ይልቅ ውሃን ይወዳል፤ ጎርፍ ሲያልፍበት ሬንጁ ከጠጠሩ ይላቀቃል። የኖራ ድንጋይ ይሻላል። እሱ ከሌለ 1 በመቶ ገደማ ውሃ የጠጣ ኖራ ከጠጠሩ ጋር ይደባለቃል፣ ካልሲየሙም ሬንጁን ከድንጋዩ ጋር አጥብቆ ያይዘዋል።