የሐዋሳ የአየር ሞገድ፦ ብዙ ጣቢያ፣ ጥቂት ባለቤት

በ1985 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ጥቅምት ላይ የኢትዮጵያ የፕሬስ ዐዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ኅዳር ላይ ደግሞ የአሜሪካው የኬብል ቴሌቪዥን ባለሀብት ጆን ማሎን 500 ቻናል የሚያስተናግድ ቴክኖሎጂ መምጣቱን አወጁ። በሁለቱም አገሮች የተስፋው መነሻ አንድ ነበር፤ መገናኛ ብዙኃን ከበዙ ሐሳብም ይበዛል።

ሐዋሳ ግን ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የግል ጋዜጦች የሚታተሙት በብዛት ዋና ከተማዋ ላይ ስለነበር፣ ለሐዋሳና ለዙሪያዋ ገበሬ ዋናው የመረጃ ምንጭ ሬዲዮ ነበር። የ1991ና የ1999 የብሮድካስት ዐዋጆች ለግል ጣቢያ በር ከፈቱ፤ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው በዚህ በር ገብቶ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው አዲስ አበባ ስለሚገኝ ግን የግል ባለሀብቱም እዚያው ቀረ።

ሐዋሳ ላይ ብዝኃነቱ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ከተማዋ ከሃምሳ የሚበልጡ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። በክልሉ ሬዲዮ አንድ ማሰራጫ ላይ ቋንቋዎች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ የአንዱ ሰዓት ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል፤ አድማጩም የራሱ ቋንቋ እስኪደርስ ሬዲዮውን ይዘጋል ወይም ወደ ሌላ ጣቢያ ያዞራል። ለወረፋው መፍትሔ የሆነው እንደ ቦንጋ፣ ጂንካና አርባ ምንጭ ባሉ ከተሞች ቅርንጫፍ ጣቢያ መክፈት ነበር። አንድ እናት ስለ ክትባት በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ መስማቷ ከማንኛውም የቻናል ቁጥር ይበልጣል፤ ይህን ደግሞ በቻናል ብዛት ተስፋ ያደረጉት ሰዎች በዝርዝር አላዩትም።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተካሄደውን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ ሲዳማ ክልል ሆነ፤ የሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክም መቀመጫው ሐዋሳ ነው። ለሲዳምኛ ተናጋሪው፣ ተራ ሳይጠብቅ በቋንቋው የሚሰማው ጣቢያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የጣቢያው ባለቤት የክልሉ መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል፤ ስለዚህ የቋንቋ ብዛት ብቻውን ግዴታውን አይሞላም። በአንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችም በመሬት፣ በውኃ፣ በከተማ መስፋፋት ይለያያሉ፤ ልዩነታቸውም በገዛ ቋንቋቸው መሰማት ይኖርበታል።