የማንኪያ ወንፈል

ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበትን ልጅ ማብላት የቸኮለ ሰው ሥራ አይደለም። ልጁ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አገጩ በትንሹ ወደ ደረቱ ዘንበል ይላል። አጥሚቱ በማንኪያ ጫፍ፣ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ በአፉ ትይዩ ይቀርብለታል። ማንኪያው ከላይ ከመጣ ልጁ አንገቱን ያቀናል፤ ያኔ መዋጥ ይከብደዋል፣ ያንቀዋል። ቀጣዩ ጉርሻ የፊተኛው እስኪዋጥ ይጠብቃል። አንዱን ሳህን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ተጋድሞ የሚበላ ልጅ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣበት ስለሚችል፣ ትዕግሥቱ ራሱ ሕክምና ነው።

የአካል ጉዳት ባለባቸው ሕፃናት ማዕከል በበጎ ፈቃድ ማገልገል ማለት በአብዛኛው ይኸው ነው፦ ማብላት፣ ማጠብ፣ ማጫወት፣ የታዘዘውን እንቅስቃሴ ማሠራት፣ ፊደል ማስቆጠር።

በአገራችን በዚህ ሥራ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ተቋማት አንዱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ መናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማዕከል ነው። ስሙን ያገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ከነበረው ከሊዮናርድ ቼሻየር ነው። ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ከአየር ላይ ያየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አስታማሚ ያጣ የካንሰር ሕመምተኛ ቤቱ አስገብቶ እስኪሞት አስታመመው፤ ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ ቤት የተነሣው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ ደረሰ። በዚያን ዘመን የልጆችን እግር የሚያሽመደምደው በዋናነት ፖሊዮ፣ የእኛ ሰው የልጅነት ልምሻ የሚለው በሽታ ነበር።

እንዲህ ያለ ማዕከል ልጅን ለዘለዓለም አያስቀምጥም። ልጁ ይመረመራል፤ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ሆስፒታል ይላካል፤ ጀሶው ከተፈታ በኋላ ፊዚዮቴራፒ ይሠራል። የእግር ድጋፉ ወይም ክራንቹ በልኩ ተሠርቶለት መራመድ ይለማመዳል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሲያድግ ግን ድጋፉ ያጥረዋል፤ እንደገና መለካት አለበት።

በጎ ፈቃደኛም ልጁ ከቤቱ ተለይቶ የመጣና ወደዚያው የሚመለስ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም። አንድ ሳምንት አቅፎ፣ አጫውቶ፣ «እመጣለሁ» ብሎ የሚቀር እንግዳ ለልጁ ተጨማሪ መለየት ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚመጣ፣ ነገር ግን የማይቀር ሰው ይሻላል። ልጁን ከማንሣቱ በፊት «ላነሣህ ነው» ብሎ ይነግረዋል፤ ጡንቻው በድንጋጤ እንዳይገተር። ፎቶ አንሥቶ አይለጥፍም። ያልተማረውን እንቅስቃሴ በግምት አያሠራም።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከወላጆቹ እንዳይነጠል ይደነግጋል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ልጁ በሚመለስበት መንደር ነው።

ለምሳሌ ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ከሐሙሲት ከተማ ወጣ ብሎ፣ የፎገራን ሜዳ በክረምት እንየው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ጥቁሩ አፈር እንኳን የተሽከርካሪ ወንበርን ትንንሽ የፊት ጎማዎች የበሬ እግርም ይይዛል። በከተማ አስፋልት የሚንከባለለው ወንበር እዚህ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው የሰው ትከሻ ነው፤ የእናቱ ትከሻ ደግሞ አንድ ነው።

ይኸው ክረምት የሩዝ አረም ወቅት ነው። አረሙ በአንድ ሰው እጅ አይዘለቅም፤ በወንፈል ይወጣል። ተቀምጦ የሚበላበት ድጋፍ የሚሻ ልጅ ያላት እናት ግን ቤቷን ጥላ ወንፈል ልትወጣ አትችልም። የሰው ማሳ ካላረመች የእሷን የሚያርምላት የለም። በልጁ ጉዳት ላይ የእህል እጦት ይደረባል።

መፍትሔው ከመናገሻ መምጣት የለበትም። አንዷ ጎረቤት አበላሉን ከእናትየዋ ትማር፤ አቀማመጡን፣ የማንኪያውን አቅጣጫ፣ አጠባበቁን። በአረም ቀን ልጁን እሷ ታብላ፤ እናትየዋ ማሳ ትውረድ። ቤት የዋለችውም ጎረቤት እንደ አረመች ትቆጠርላት፤ ተራዋ ሲደርስ የእሷም ማሳ ይታረምላት።