በጓ ተሻገረች፣ ወተቷ ቀረ

የምኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ፔታህ ቲክቫ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1878 ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ የአይሁድ የገበሬ መንደሮች (በዕብራይስጥ ሞሻቫ) አንዷ ነበረች፤ እስከ ዛሬ «የሞሻቫዎች እናት» የምትባለው ለዚህ ነው። አሁን ፎቅ በፎቅ ሆናለች፤ በግ የሚረባባት አይደለችም። ስለዚህ የወተት በግ ማርባት የሚፈልጉ ሰዎችን ሳሠለጥን ጨዋታውን የምንጀምረው እዚሁ ቤቴ፣ ቡና ላይ ነው። ሥራውን የምናየው ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን የበግ እርሻ ድረስ ሄደን ነው።

ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ ልጅነታቸውን በጎንደር ገጠር በእረኝነት ያሳለፉ ናቸው። «ስለ በግማ እኛ እናስተምርህ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የታመመችውን በግ ከመንጋው መሀል በሩቁ ይለያሉ፤ ማመስኳቷን ስታቆም፣ ጆሮዋ ሲወድቅ፣ ከጓደኞቿ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትቀር ያውቁባታል። ይህን ዓይን በሥልጠና መስጠት አይቻልም፤ ወይ ከልጅነት ይገኛል፣ ወይ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

የማያውቁት ማለቡን ነው። በደጋው ኢትዮጵያ በግ የበዓል ናት፣ የችግር ቀን ገንዘብ ናት፤ መንዝ ላይ ደግሞ ከጸጉሯ ባና ይሠራል። ወተት የላም ነው። በግ የሚታለበው በቆላው፣ በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ የአዋሲ በግ ታሪክ ያሳያል። አዋሲ በመካከለኛው ምሥራቅ ከጥንት ጀምሮ የምትታለብ ባለ ላት በግ ናት። የእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ከጀርመኗ ምሥራቅ ፍሪዥያን ጋር አዳቅለው አሳፍ የተባለችውን ዝርያ አወጡ፤ ከስምንት እጅ አምስቱ አዋሲ፣ ሦስቱ ፍሪዥያን መሆኗ ነው። አዋሲ ራሷ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከእስራኤል ወደ ኢትዮጵያ ተጉዛለች። በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የበግ ማራቢያ ማዕከላት ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀለች፤ ዓላማውም ቶሎ የሚያድግና ጸጉሩ የበዛ በግ ማግኘት ነበር። ለመንዝ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላናንቀውም። ነገር ግን በጓ ስትሻገር ወተቷ እዚሁ ቀረ። በግ በአውሮፕላንም በመኪናም ይጫናል። ማለብን ግን አጠገብህ ቁጭ ብሎ የሚያሳይህ ሰው ከሌለ አትማረውም።

ስድሳ ዓመት የተጠጋቸውን አንድ አባት አልረሳቸውም። መጀመሪያ ቀን ማለቢያው ቤት አስገባኋቸው። በጎቹ በተርታ ቆመው መኖ ይበላሉ፣ ማሽኑ ይመታል። ከግድግዳው ወዲያ ግልገሎቹ ይጮኻሉ። አባባ እጃቸውን ወደ ጡቷ ዘረጉና መለሱት። «ልጇ እየጠራት እንዴት እጄን እሰዳለሁ?» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ትልልቅ እርሻዎች ግልገሉን እንገር ካጠጡት በኋላ ወዲያው ከእናቱ ለይተው በዱቄት ወተት ያሳድጉታል። ለእሳቸው ግን ሌላ መንገድ አለ። የመጀመሪያውን አንድ ወር ግልገሉ ቀን ከእናቱ ጋር ይውላል፣ ማታ ይለያል፤ ጠዋት እናቲቱ ትታለብና ልጇ ይለቀቅላታል። ወር ሲሞላው ጡት ይጥላል፣ እሷም ቀን ሁለቴ መታለብ ትጀምራለች። በዚያ መንገድ የሚገኘው ወተት በመጀመሪያው ወር ያንሳል፤ አባባ ግን ሥራውን ሳይጠሉ ጀመሩት። በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች በጥቁር ኩባያ ላይ አልበው የጓጎለ ነገር እንዳለበት የሚያዩት፣ ጡቷን በእጃቸው ዳብሰው ትኩሳቱን የሚለዩት እሳቸው ሆኑ። የጡት በሽታ ደግሞ የወተት በግ አርቢን ክፉኛ የሚያከስር ነው።

ወተቱም ያስገርማቸዋል። የበግ ወተት ቅባቱ ከመቶ 6 እስከ 7 ይደርሳል፣ የላሙ ብዙውን ጊዜ 4 ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ጠንካራ አይብ ለማውጣት የላም ወተት 10 ሊትር ገደማ ሲፈልግ የበጉ 5 ወይም 6 ይበቃል። ቅቤው ግን ነጭ ነው፤ ቢጫ ቅቤ የለመደች እናት «ይሄ ቅቤ ነው?» ትላለች። ነጭ የሆነው፣ ላም በወተቷ የምታወጣውን ቢጫ ቀለም በግ ወደ ቫይታሚን ኤ ስለምትለውጠው ነው። ሌላው ለጀማሪ የሚጠቅመው፣ የበግ ወተት በፍሪዘር ተቀምጦ አይብ ይሆናል። ሃያ በግ ያለው ሰው በየቀኑ ገዢ ፍለጋ መሯሯጥ የለበትም። ጥሬውን መጠጣት ግን አይገባም፤ ብሩሴሎሲስ ከበግ ወደ ሰው በወተት ይተላለፋል።

ከሥልጠና በኋላ ያለው ጊዜ ነው ሰውን የሚለየው። አንድ ተማሪዬ ኮርሱን በጨረሰ በሳምንቱ 40 በጎች ገዛ። ገዢ አላገኘም፣ ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ከወለዱ በኋላ የወተቱን ግማሽ እያፈሰሰ አየሁት። በጎቹ በጥቅምት ሲወልዱ ልጎበኘው ይገባኝ ነበር፤ ሥልጠናው አለቀ ብዬ ቀረሁ። ያ ጥፋት የእኔ ነው፤ ዛሬም ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ማንንም በትምህርት ብቻ አልለቅም። በግ 5 ወር ታረግዛለች፤ ፅንሱ በብዛት የሚያድገው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ስለሆነ ያን ጊዜ ሄጄ ወገቧን በእጄ ዳብሼ መኖዋን ከባለቤቱ ጋር እናስተካክላለን። ስትወልድ ለሁለተኛ ጊዜ እመለሳለሁ። ከመጀመሪያው ወተት ሽያጭ በኋላ ደግሞ ደብተሩን ይዘን ገቢና ወጪውን እንቆጥራለን።

በግ ልግዛ ብላችሁ የምታስቡ ወገኖቼ፣ ገንዘባችሁን አሁን አታውጡ። አይብ ሠሪ ወይም ገዢ አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የሌላ ሰው በጎች አንድ የማለቢያ ወቅት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ እለቡ። አንድ ወቅት ያለበ ሰው ሲመጣ ስንት በግ መግዛት እንዳለበት እኔ አልነግረውም፤ ራሱ ይነግረኛል።