ለሒሳብ መዝገብ ሁለት መንገድ ስለ ማበጀት

በከዚራ የሚሠራ ነጋዴ የሁለት መንገድ ጥቅም ሳይነገረው ያውቃል። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ በደወሌም በኩል ይገባል፤ በጋላፊም በኩል ይገባል፤ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይዞራል። ነገር ግን መንገዱ ሁለት መሆኑ ብቻውን ጭነትን አያደርስም፤ ጭነቱ የት እንደ ቆመ ዐውቆ የሚያዞረው ዕቃ አስተላላፊ ያስፈልጋል። የሒሳብ መዝገብም ወደ ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ ነገሩ እንዲሁ ነው።

ብዙ መዝገብ ያላቸው ድርጅቶች በሊኑክስ ሰርቨር ያለውን ሒሳባቸውን በቴፕ ላይ ይገለብጣሉ። ቴፕ በካሴት ውስጥ የተጠቀለለ ክር ነው፤ ኤል ቲ ኦ የተባለው ዐይነት በ9ኛው ትውልዱ በአንድ ካሴት 18 ቴራባይት ይይዛል። ወጥቶ በመደርደሪያ ሲቀመጥ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የኮምፒዩተር ቫይረስም አይደርስበትም። ሰርቨሩ የተበላሸበት አስመጪ የዱቤውን፥ የጉምሩኩንና የባንኩን ሰነድ መልሶ የሚያገኘው ከዚሁ ካሴት ነው።

ከሰርቨሩ እስከ ቴፕ መሣሪያው የተዘረጋው ኬብል አንድ ብቻ ከሆነ ግን፥ እርሱ በተበላሸበት ሌሊት ግልበጣው ይቋረጣል። ስለዚህ ጠንቃቆች ኬብሉን ሁለት ያደርጉታል። ስሕተትም የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለት ኬብል ሲዘረጋ ሊኑክስ አንዱን መሣሪያ እንደ ሁለት ያየዋል፤ ከሊኑክስ ጋራ የሚመጣው ኤስ ቲ የተባለው ድራይቨር አንድ መሆናቸውን አያውቅም። መልቲፓዝ የሚባለውም ፕሮግራም ለዲስክ እንጂ ለቴፕ አልተሠራም። በዲስክ ላይ የተቋረጠውን ጽሕፈት በዚያው ስፍራ ደግሞ መጻፍ ይቻላል፤ ቴፕ ግን በተራ የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ ክሩ የት እንደ ቆመ በትክክል ሳይታወቅ ቢቀጠል መዝገቡ ይጎድላል ወይም ይደራረባል።

ስለዚህ የመሣሪያ ሠሪዎች የራሳቸውን ድራይቨር ያዘጋጃሉ። ለምሳሌ አይ ቢ ኤም ለቴፕ መሣሪያዎቹ ሊን ቴፕ የተባለ ድራይቨር አለው። ይህም በምንጭ ጽሑፉ ተወስዶ ከርነል ከሚባለው የሊኑክስ እምብርት ጋራ ተስማምቶ ይገነባል። ከዚያም በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ አልተርኔት ፓዚንግ የሚለው ማዘዣ 1 ተብሎ ይጻፋል፤ ያለዚህ ማዘዣ ሁለተኛው ኬብል መጠባበቂያ አይሆንም። ድራይቨሩ ዳግመኛ ሲነሣ አንዱን መንገድ ዋና፥ ሌላውን ተለዋጭ ብሎ ያሳያል። ሰርቨሩ በአዲስ ከርነል በታደሰ ጊዜም ድራይቨሩ እንደ ገና መገንባቱን ማረጋገጥ ይገባል፤ ይህ ከተረሳ የቀድሞው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሙከራው ነው። ግልበጣው በመካሄድ ላይ ሳለ ዋናው ኬብል በባለሙያው እጅ ይነቀል፤ ሥራው ሳይቋረጥ ከቀጠለ፥ በኋላም ካሴቱ ተነብቦ ሰነዱ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ፥ መንገዱ በእውነት ሁለት ነው። ይህን የሚያሠራ ነጋዴ ሙከራውን በውሉ ውስጥ ያስገባ፤ የመጨረሻውንም ክፍያ ከሙከራው በኋላ ይፈጽም።

ለትንሽ ሱቅ ይህን ያህል ወጪ አያስፈልግም፤ የመዝገቡን ቅጂ በሌላ ቤት ማኖር ይበቃዋል። ይህ የኋለኛው ምክር ለትልቁም ድርጅት ይሠራል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በድሬ ዳዋ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፥ ከጥፋት የሚተርፈው ጎርፉ ያልደረሰበት እንደ ሆነ ከተማው ሁሉ አይቷል። ሁለት ኬብል ከተቆረጠ ሽቦ ያድናል እንጂ ከጎርፍና ከእሳት አያድንም። ስለዚህ የተሞላው ካሴት ከሰርቨሩ ርቆ በከፍተኛ ስፍራ ይቀመጥ።